ከግድግዳው በፊት የቆመ በር

ባለፈው ሳምንት ዓባይ ማዶ አንድ የጡረታ ጓደኛዬን ጠይቄ ስመለስ ዋናው መንገድ ተዘጋግቶ ስለነበር ባጃጁ በውስጥ ለውስጥ ገባ። ሁለት መስተዋት የለበሱ ፎቆች መሃል በአሮጌ ቆርቆሮ የታጠረች ጠባብ ግቢ አለች። ከዚያች ግቢ የወጣ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ «ልጄ፣ እዚሁ አውርደኝ» አልኩት። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ አፍንጫውን በሸሚዙ ኮሌታ ሸፍኖ «ፋዘር፣ እዚህ ጋ? የሆነ ነገር ሞቷል እኮ!» አለኝ። ምንም አልሞተም። የቦካ ጭቃ ነው። የጤፍ ጭድ ከአፈር ጋር ተረግጦ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ሦስት ሳምንት ሲተኛ የሚያወጣው ሽታ ነው፤ ጎምዛዛ፣ ከከብት በረትም ከጠላ ጋንም ትንሽ ትንሽ የተዋሰ። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ አንድ ሰው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ይረግጣል። «ያበርታህ» አልኩት፤ «አሜን፣ አባቴ» አለኝ። ቆሜ እስኪበቃኝ ሳብኩትና በእግሬ ወደ ቤቴ አዘገምኩ። ባለቤቴ የሺ ገና ከበር ስታየኝ «ምን አግኝተህ ነው ፊትህ እንዲህ የበራው?» አለችኝ። «አያ ታፈረን ያገኘኋቸው መሰለኝ» አልኳት። አያ ታፈረ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ነገር ግን እኔና የሺ ስማቸውን ስናነሳ ሁለታችንም መሳቅ ይቀድመናል።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ባሕር ዳር የመጣሁት በጎረምሳነቴ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ሆኜ ነው። ከተማዋ ያኔ ብስክሌት ብቻ ነበረች ብል ብዙም አልዋሸሁም። የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ የዘምባባው ጎዳና ከዳር እስከ ዳር በብስክሌት ይሞላል፤ እኛ ጎረምሶቹ ከታች እንደ ደወል የሰፋ ሱሪያችን በሰንሰለቱ እንዳይያዝ በልብስ መቆንጠጫ ሰብስበን፣ ጎፈሬያችንን ነፋስ እያበጠረልን እንነዳለን። ሐይቁ ዳር በደንገል ልጥ የተሰካ ቀረሶ ዓሣ በስሙኒ ይሸጥ ነበር፤ ስሙኒ ይዞ የወጣ ላጤ እራቱን በጣቱ አንጠልጥሎ ይመለሳል። ከገበያው ጥግ አንዲት የካሴት መሸጫ ነበረች፤ ባለቤቱ የወደደው አንድ ዘፈን ካለ ጠዋት ከፍቶት ማታ ነው የሚዘጋው፤ ሰፈሩ ሳይወድ በግዱ በቃሉ ያጠናዋል። የሺን ያገኘኋት እዚያች ካሴት ቤት ፊት ለፊት ነው። የነጠላዋ ጫፍ በብስክሌቴ ሰንሰለት ገባና ሁለታችንም ቀጥ ብለን ቆምን። ጥበቡ ላይ የቀረውን ቅባት ለማስለቀቅ ሳሙና ገዝቼ ቤቷ ድረስ ወሰድኩ። ሳሙናው አንድ ነበር፤ እኔ ግን ሳሙናውን ሰበብ አድርጌ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ።

አባቷ መሪጌታ ሐዲስ ከከተማው ወጣ ብሎ በሐይቁ ዳር ያለ ደብር ያገለግሉ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ስልክባቸው ብዙ ደጅ አላስጠኑም። «ልጁ ጥሩ ነው ይባላል» አሉ። «ነገር ግን የኪራይ ቤት በር የባለቤቱ በር ነው። የራሱ ደጅ ይኑረው። መጥቼ እቆማለሁ፣ ቤቶች እላለሁ፣ እሱ ከውስጥ ይከፍትልኛል። ያን ቀን ልጄን ሰጠሁ።» ቀኑንም ራሳቸው ቆረጡ፤ ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ፣ እሳቸው ቤቱን የሚያዩት ከዚያ በፊት ባለው ሐሙስ። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አንዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ከቆላ ድባ አንድ የእህል ነጋዴ ልጅቷን እንደጠየቀና ሰውየው ባለ ሁለት ቤት መሆኑን ነገረኝ። እኔ ከቀበሌ የተመራሁት፣ ቁጥቋጦና ጉንዳን የሞላው ባዶ ቦታ ዓባይ ማዶ ነበረኝ። ጥምቀት አልፏል። በጣቴ ብቆጥር ሦስት ወርም አይሞላም።

«እንግዲያው አያ ታፈረን ያዝ» አሉኝ ሁሉም። «ግን ካገኘሃቸው ነው» ይሉና ይስቃሉ። አያ ታፈረ ሐይቁን ከደምቢያ በታንኳ ተሻግረው የመጡ ሰው ናቸው። ከግሽ አባይ ሰፈር እስከ ዓባይ ማዶ ያኔ ከቆሙት ጭቃ ቤቶች ስንቱን እሳቸው እንደሠሩት ራሳቸውም አያውቁትም ነበር። ሃምሳ ያለፋቸው፣ ቁመታቸው ከትከሻዬ የማይዘል፣ ቁምጣ ካኪያቸው ከጭቃ ብዛት አውልቀው ቢያቆሙት የሚቆም፣ ባዶ እግራቸውን የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ጫማ ለምን አያደርጉም ሲባሉ «መሬቱ ምን እንደሚለኝ በምን ልስማ?» ይላሉ። ውሃ ልክ አይዙም፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው የሐይቁን ጠርዝ ያያሉ፣ ከዚያ ምሰሶውን ያያሉ፣ «ወደ ጎንደር አጋደለ» ብለው ያቃናሉ። ጥሩነታቸው ይህ ሲሆን ችግራቸው ደግሞ ሐይቁ ነበር። ነፋሱ ሲበርድ፣ ወፎቹ ሲንጋጉ፣ አምባዛ ዓሣው ወደ ሸምበቆው ተጠጋ ሲባል፣ አካፋቸውን ባሉበት ተክለው ታንኳቸው ላይ ነው የሚገኙት። የገዛ ቤታቸው አንድ ጎን ከተሠራ ጀምሮ አልተመረገም። ሚስታቸው «እኔ ጣውንቴ ሐይቁ ነው» ትል ነበር፤ ቅሬታም አልነበራት፣ አሳው አይቋረጥባትማ።

ቤቱን እንዲሠሩልኝ ስለምናቸው ስለ ስፋቱም ስለ ቆርቆሮውም አልጠየቁኝም። «ቅዳሜ ጠዋት ና፣ ሐይቅ እንወርዳለን» አሉኝ። ለካስ ልማዳቸው ነው፤ የቤቱን ባለቤት ታንኳ ላይ አስቀምጠው አንድ ቀን ሳያውሉ ምሰሶ አይተክሉም። እኔ ዋና አልችልም። ታንኳ የሚሉትም ጣውላ አይደለም፤ የታሰረ ደንገል ነው፣ ውሃው በመሃሉ ሽቅብ እየገባ መቀመጫን ያርሳል። በጠዋቱ ተነስተን በሸምበቆው ጥግ ጥግ ቀዘፉ፣ መንጠቆ ጣሉ፣ ዳቦ ቆረሱልኝ፣ ዝም ብለው እኔን አዩ። እኩለ ቀን ገደማ ከፊታችን ውሃው አበጠና ሁለት ጆሮና ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ ብቅ አለ። ጉማሬ! እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማውቀውን ቅዱስ ሁሉ መጥራት ጀመርኩ። አያ ታፈረ መቅዘፊያውን ጭናቸው ላይ አጋድመው «ዝም በል እንጂ፣ አንተ የፋብሪካው! ሰው ቤት ገብቶ እንዲህ ይጮሃል?» አሉኝ። ጉማሬው እንደ ጠገበ ሰው አንዴ አየንና ሰመጠ። ከሐይቁ ስንወጣ የታዘቡትን ዘረዘሩልኝ። «ግራኝ ነህ፤ በርህን ወደ ግራ እንዲከፈት አደርገዋለሁ። ተቀምጠህ ሩቅ ማየት ትወዳለህ፤ መስኮቱን ዝቅ አደርገዋለሁ። ሲርብህ ትቆጣለህ፤ ማድቤቱን አላርቅብህም። ችኩል ነህ። ለእሱ እንኳ መድኃኒቱን አላውቅም።»

ችኩልነቴን የፋብሪካው ጡሩምባ ነው ያስተማረኝ ባይ ነኝ። ከሥራ ስወጣ በብስክሌቴ እየበረርኩ ቦታው ላይ እደርሳለሁ፤ አካፋው ተተክሎ ቆሟል፣ ባለቤቱ የለም። ደሜ ይፈላል። በማግስቱ ሲመጡ ደግሞ የሦስት ቀን ሥራ በአንድ ቀን ይሠራሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ቋሚው ተተከለ፣ ማገሩ ተመታ፣ ቆርቆሮው ገባ። ከዚያ፣ ጭቃ የሚባል ነገር ሳይነካው፣ ከዋንዛ የተጠረበ በር አምጥተው ከነመቃኑ አቆሙ። ሰፈሩ ሳቀ፤ ግድግዳው ወንፊት የሆነ ቤት በር ተገጠመለት ተብሎ። «ጭቃው በሩን ይቀፈው፤ በኋላ በር ልግጠም ብለህ የደረቀ ግድግዳ ስታንኳኳ ነው ስንጥቅ የሚገባው» አሉ አያ ታፈረ፣ ዞር ብለውም አላዩአቸው። በጓሮ በኩል ማገር ያልተመታበት ሁለት ክንድ የሚሆን ክፍት ነበር፤ ሁላችንም ስንሠራ የምንወጣና የምንገባው በዚያ ነው። አያ ታፈረም በሠሩት በር አንድ ቀን ገብተው አያውቁም።

ከዚያ ጉድጓድ ቆፍረው አፈሩንና ጭዱን ሞሉት፣ ውሃ አጠጡት፣ ለሁለት ቀን ረገጡት፣ በኮባ ቅጠል አለበሱት። «እስክመለስ እንዳትነካው» አሉኝ። ወዴት? ሕማማትን በደሴት ገዳም ሊሰግዱ፣ በዚያውም የገዳሙን ዕቃ ቤት ግድግዳ ሊጠግኑ። «ለፋሲካ እመጣለሁ፣ በሦስት ቀን መርጌ አስረክብሃለሁ» ብለው ታንኳቸውን ገፉ። እኔ የማሽን ሰው ነኝ፤ ስለ ጭቃ የማውቀው ጫማ ማበላሸቱን ብቻ ነው። አራት አምስት ቀን እንዳለፈ ከጉድጓዱ ሽታ መውጣት ጀመረ። በሳምንቱ ጎረቤቶቼ ሲያልፉ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ያደርጋሉ። በአሥረኛው ቀን ቅጠሉን ገልጬ ባይ አረንጓዴ አረፋ ለብሷል። ሰውየው ጥለውኝ ሄደው ጭቃው ተበላሸ ብዬ ደመደምኩ። መሪጌታ መጥተው ይህን ሽታ ቢያሸቱ የእህል ነጋዴው አማች ሆነ ማለት ነው! የፋብሪካ ጓደኞቼን ሰበሰብኩ፤ ከአዋሳ የመጣ፣ ከሐረር የመጣ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ አንዳችንም ጭቃ ቤት ሠርተን አናውቅም። ያን ሁሉ የአያ ታፈረ ጭቃ በባሬላ እየዛቅን ጎርፍ መውረጃው ውስጥ ደፋነው። አዲስ፣ ንጹሕ፣ ሽታ የሌለው ጭቃ በአንድ ቀን አቡክተን በሁለት ቀን ቤቱን ዙሪያውን መረግነው። እንዲያውም ፈንጣጣ እንደበላው ፊት የጎረበጠውን በጣውላ አሸነው፤ አማረብን። እየዘፈንን ነው የሠራነው።

ፋሲካን ከየሺ ወንድሞች ጋር በደስታ ገድፌ ሰኞ ጠዋት ወደ ቤቴ ብሄድ ግድግዳዬ መሬት ላይ ነው። ያልቦካ ጭቃ ፀሐይ ሲነካው ለካ ጭዱን አይዝም፤ ተሰነጣጥቆ፣ እንደ ደረቀ ቂጣ እየተላቀቀ፣ ገበታ ገበታ እያከለ ወርዷል። የቀረው ማገሩ፣ ቆርቆሮውና በሩ ነው። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ አሁን ባፍርበትም፣ አለቀስኩ። አያ ታፈረ ማክሰኞ ከሐይቁ ሲመጡ መጀመሪያ ያዩት ቤቱን አይደለም፤ ጉድጓዱን ነው።

«ጭቃዬስ?»

«ገማብኝ፣ አያ። ደፋሁት።»

ሰማይ ሰማዩን አዩ። ይሰድቡኛል ስል ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ድንጋዩ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። «ወይኔ ታፈረ! ሥራዬ ነው። መሽተቱን ልነግርህ ይገባኝ ነበር፤ የጎጃም ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አንተም ታውቃለህ ብዬ!» ከዚያ ሳቁ ቆመ። ሌላ ጭቃ ቢረገጥ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ሐሙስ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው። ታምሜያለሁ ብዬ ልላክባቸው ወይ አልኳቸው። «አትዋሻቸው» አሉ። «ቤት አይደበቅም። ሐሙስ ግባ፣ በርህን ዝጋ፣ ተቀመጥ።»

ሐሙስ ጠዋት የደህና ቀን ልብሴን ለብሼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ባዶ ቤት መሃል በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። በማገሩ ቀዳዳ መንገዱን አያለሁ፤ መንገደኛውም እኔን ያያል። መሪጌታ ሐዲስ መቋሚያቸውን ይዘው ሲመጡ ከሩቅ አየኋቸው፤ እሳቸውም አዩኝ፤ ሰላም ግን አላሉኝም። ቤቱን ቀስ ብለው ዞሩት። የጓሮው ክፍት ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ሁለት እርምጃ ቢራመዱ አጠገቤ ናቸው። አልገቡም። ዙሪያቸውን ጨርሰው ወደ ፊት መጡና በሩ ፊት ቀጥ ብለው ቆመው በመቋሚያው አንኳኩ።

«ቤቶች!»

ተነስቼ ከፈትኩ። በቀኝ እግራቸው ገቡ። በርጩማዬን ሰጠኋቸው፤ ተቀመጡ፤ በማገሩ የሚገባው ብርሃን ጋቢያቸውን አዥጎርጉሮታል። «ጭቃው ምን ሆነ?» አሉኝ። ከዚህ በላይ የምደብቀው አልነበረኝምና ከነሽታው፣ ከነዘፈናችን ሁሉንም ነገርኳቸው። ፊታቸው አልተፈታም።

«እኔ ቅኔ ቤት ገብቼ በሁለተኛው ዓመት ‘ይህ ልጅ አይሆንም’ ተብዬ ተባርሬ ነበር» አሉ በዚያ በዝቅተኛ ድምፃቸው። «ከሌላ መምህር ዘንድ በሦስተኛው ወር ቅኔ ዘረፍሁ። የመጀመሪያው መምህሬ እንዳንተ ችኩል ነበሩ፤ ግን ደግ ሰው ነበሩ፤ እስከ ዛሬም በጸሎቴ አነሳቸዋለሁ።» ተነሱ፣ የበሩን ዋንዛ በመዳፋቸው ዳሰሱት። «እንዲያው ሲታይ ሌላ ሰው ቢሆን ታምሜያለሁ ብሎ ይልክብኝ ነበር። አንተ ግን ከነጉድህ ተቀምጠህ ጠበቅኸኝ። ደግሞም ደጅ ይኑረው አልሁ እንጂ ግድግዳ ይኑረው መች አልሁ? እሑድ ና፣ ልጅህን ውሰድ… ልጄን ማለቴ ነው» አሉና ያን ጊዜ ገና ፈገግ አሉ። በገቡበት በር ወጡ። እኔ ከኋላቸው እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል አያ ታፈረ ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ሆነው በእጃቸው «ተው፣ ተው» ይሉኛል፤ ዓይናቸው ግን እንደኔው እንባ አቅርሮ ነበር።

የሺን ግን ወንፊት ውስጥ ማስተኛት ማንንም አላስቻለም። ቅዳሜ አያ ታፈረ ያን ጊዜ ገና የሠሩትን ታንኳ ከሐይቁ ተሸክመው አመጡ። ግቢው ውስጥ አጋደሙት፣ ማሰሪያውን አንድ በአንድ ፈቱት፣ ደንገሉን በመኝታው በኩል ማገሩ ላይ አሰሩት። «አያ፣ ምን ነካዎት?» ብዬ እጃቸውን ብይዝ «ልጅቷ ለነፋስ አትሰጥም። አንተም ሥራህን ሥራ» ብለው ገፈተሩኝ። ከሠርጉ በኋላ ለነበሩት ሳምንታት አያ ታፈረ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራ ሳይጠፉ ቀሩ፤ ታንኳ የላቸውማ፣ በምን ይጥፉ! አዲሱ ጭቃ ገማ፤ በዚህ ጊዜ እኔ ራሴ ለጎረቤት ሁሉ እየዞርኩ «በጥሩ ሁኔታ እየገማ ነው» እል ነበር። የሺም የጫጉላ እንሶስላዋ ሳይለቅ እግሯን ነክራ ረግጣለች። ይኸው ግድግዳችን ዛሬም ቆሟል፤ ልጆቻችን ብሎኬት ይሁን ሲሉ እናታቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች። ግን እሑዱን ሳልነግራችሁ አለፍኩት።

እሑድ ከሰዓት የሺን ይዤ ገባሁ። የመሪጌታ አገባብ ሐሙስ ማታውኑ ከተማውን አዳርሶ ነበር፤ እናም ያ ሁሉ እንግዳ፣ ቤቱ ሦስት ጎኑ ወንፊት ሆኖ ጓሮው ክፍት እያለ፣ በአንዱ በር ተሰለፈ። የጠላ ማድጋ የተሸከሙት ሴቶች ሳይቀሩ በጓሮው ክፍት መግባት ነውር ሆኖባቸው ዞረው መጡ። እያንዳንዱ «ቤቶች!» ይላል፤ ሁላችን በማገሩ እያየነው እኔ እየተነሳሁ እከፍታለሁ፤ ሳቁ ሆድ ያሳምማል። ሙሽራ አትነሳምና የሺ ዓይነ ርግቧን እንዳጠለቀች ጥግ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ሁሉም ገብቶ ካበቃ በኋላ አያ ታፈረ መጡ። ነጭ ኩታ ለብሰዋል፤ እግራቸው የሰው ጫማ ውስጥ ገብቶ እያነከሱ ነው። በለመዱት በጓሮ በኩል ጀመሩና እንግዳውን አይተው ተመለሱ። በሩ ፊት ቆሙ። ድምፃቸው እንደ ሕፃን ሰለለ።

«ቤቶች!»

እኔ ከመነሳቴ በፊት የሺ ተነሳች። ሚዜዎቼ «ኧረ ሙሽራ፣ ቁጭ በይ! ነውር ነው!» ብለው ጮኹ። እሷ ዓይነ ርግቧን በእጇ ገልጣ፣ በሰዉ መሃል አልፋ በሩ ዘንድ ደረሰች።

«ማን ልበል?»

«ታፈረ ነኝ» አሉ። «ቤት ሠሪው።»

መወርወሪያውን ሳበችው። «ይግቡ፣ አያ» አለች። «ይግቡ፣ ቤታችን ነው።»

በሩ ለረጅሙ ለመሪጌታ እንኳ የሚበቃ ነበር። አያ ታፈረ ግን ጎንበስ ብለው ገቡ።